መልእክት መንገድ ላይ ሲደክም፦ የባሕር ስር ኬብሎች ነገር

ብዙ ሰው ኢንተርኔት ከሳተላይት የሚወርድ ይመስለዋል። አይፈረድበትም። ስልኩ ላይ ሽቦ የለም፣ ዋይፋዩ ላይ ሽቦ የለም፣ ዳታው ዝም ብሎ ከአየር ላይ የሚታፈስ ነው የሚመስለው። ግን ስልካችሁ በአየር የሚያወራው በአቅራቢያው ካለው አንቴና ጋር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ከሞላ ጎደል ገመድ ነው። ከአህጉር ወደ አህጉር ከሚመላለሰው ዳታ ውስጥ ከ95 በመቶ በላዩ የሚያልፈው ውቅያኖስ ወለል ላይ በተጋደሙ ኬብሎች ውስጥ ነው። ሪያድ ያለች እህታችሁ በቪዲዮ ስትደውል ድምጿ ወደ እናንተ የሚመጣው ሰማይ ሰንጥቆ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ባሕርን በታች በኩል አቋርጦ ነው።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? ከመጀመሬ በፊት፣ ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ግራ እንዳትጋቡ።

የኬብልን ታሪክ ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ ይበቃል፦ መልእክት መንገድ ላይ ይደክማል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከአንዱ ጋራ ወደ ሌላው ጋራ ሲጣሩ ድምፅ የሚደርሰው እስከ አንድ ቦታ ነው። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው እንዲሰማ ከተፈለገ፣ መሃል ያለው ጋራ ላይ የቆመ ሰው ጥሪውን ተቀብሎ መድገም አለበት። ሽቦ ውስጥ የሚሄድ ኮረንቲም፣ መስታወት ውስጥ የሚሄድ ብርሃንም ያው ነው። እየሄደ በሄደ ቁጥር ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። መሐንዲሶች ከ170 ዓመት በላይ ሲታገሉ የኖሩት በዋናነት ከዚህች ጣጣ ጋር ነው።

የብስ ላይ ነገሩ ያን ያህል አያስቸግርም ነበር። ሳሙኤል ሞርስ በ1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር የመጀመሪያውን ዝነኛ ቴሌግራም ሲልክ ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ ሲረዝም ደግሞ መሃል ላይ ጣቢያ ይሠራል፣ እዚያ ያለው ሠራተኛ ወይም መሣሪያ መልእክቱን ተቀብሎ እንደ አዲስ ያስተላልፈዋል። ባሕር ላይ ግን መሃል ላይ የሚቆም ሰው ከየት ይመጣል?

ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ችግር ነበር፣ ውሃው ራሱ። ራቁቱን ያለ መዳብ የጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ኮረንቲው ወደ ባሕሩ ይፈስና ያልቃል። መዳቡን የሚያለብስ ነገር ያስፈልግ ነበር። መፍትሔው የመጣው ጉታ ፐርቻ ከሚባል፣ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ከሚበቅል የዛፍ ሙጫ ነው። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። (ዛፎቹ ግን አልተረፉም። የዓለም ኬብል በሙሉ በእሱ ስለተሸፈነ፣ ማላያና ሲንጋፖር አካባቢ ያለው የዚህ ዛፍ ጫካ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ተጨፍጭፎ አለቀ ለማለት ይቻላል። የቴክኖሎጂ ታሪክ ሲወራ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል።)

በ1850 ብሬት የሚባሉ ሁለት ወንድማማች እንግሊዞች በጉታ ፐርቻ የተሸፈነ ሽቦ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ዘረጉ። አንድ ቀን እንኳ በወጉ ሳይሠራ ተቆረጠ። በሚቀጥለው ዓመት ዙሪያውን በብረት ገመድ የተጠቀለለ ጠንካራ ኬብል ይዘው ተመለሱ፣ እሱ ሠራ። ይሄኔ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አትላንቲክ ጣለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይኼኛው ክፍል ነው። ሳይረስ ፊልድ የሚባል አሜሪካዊ የወረቀት ነጋዴ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቀው ነገር እምብዛም ነው፣ ገንዘብና ወኔ ግን ነበረው። አየርላንድንና የካናዳዋን ኒውፋውንድላንድን በኬብል አገናኛለሁ ብሎ ተነሳ። ከተደጋጋሚ ሙከራና ከብዙ ኪሳራ በኋላ ነሐሴ 1858 ኬብሉ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡካናን የደስታ መልእክት ላከች። መልእክቱ 98 ቃል ነው። ለመድረስ የፈጀው ግን ወደ 16 ሰዓት! በዚያ ፍጥነት ይህን ጽሑፍ ለመላክ ከሳምንት በላይ ይፈጅ ነበር።

ለምን እንዲህ ተንቀረፈፈ? ረጅም የባሕር ኬብል እንደ ተራ ሽቦ አይደለም። ከመሃል መዳብ፣ በዙሪያው መሸፈኛ፣ ከውጭ ጨዋማ ባሕር አለ። በዚህ የተነሳ ኬብሉ ራሱ ኮረንቲ ያጠራቅማል። ከዚህ ጫፍ አጭርና ግልጽ ምት ብትልኩበት፣ በዚያኛው ጫፍ ብቅ የሚለው ቀስ ብሎ የሚያብጥና ቀስ ብሎ የሚሟሽሽ ደካማ ነገር ነው። ሁለተኛውን ምት ቶሎ ካስከተላችሁ ከመጀመሪያው ጋር ይደባለቃል፣ ተቀባዩም ምንም አይገባውም። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዊልያም ቶምሰን (በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው) ይህን አስቀድሞ በሒሳብ አስልቶ ነበር። የኬብሉ ርዝመት እጥፍ ሲሆን መዘግየቱ አራት እጥፍ ይሆናል አለ። ስለዚህ ወፍራም መዳብ፣ ጥሩ መሸፈኛ፣ አነስተኛ ኮረንቲ፣ እና ደካማዋን ምልክት የሚያይ ስስ መሣሪያ ተጠቀሙ ነው ምክሩ። መሣሪያውንም ራሱ ሠራው። ከትንሽ ማግኔት ጋር የተያያዘች ቅንጣት መስታወት ኮረንቲው ሲነካት ትወዛወዛለች፣ ከእሷ ላይ የሚነጥረው ብርሃን ግድግዳ ላይ ግራና ቀኝ ሲል ሰው እያየ ያነባል።

የኩባንያው ዋና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ግን ዋይልድማን ዋይትሃውስ ነበር። ሙያው ሐኪም ነው። የቶምሰንን ሒሳብ አልተቀበለም። ምልክቱ ከደከመ በኃይል መግፋት ነው የሚል ሰው ነበር፣ ወደ 2,000 ቮልት ለቀቀበት። ቀድሞውንም ደህና ያልነበረው መሸፈኛ ይህን አልቻለም። ኬብሉ ሦስት ሳምንት ያህል ኖሮ ሞተ። ርችት ተተኩሶለት የነበረው ሁሉ ውሸት ነው፣ ከመጀመሪያውም አልሠራም ነበር የሚል ሐሜት ተነሳ። ዋይትሃውስም ከሥራው ተባረረ።

ከዚያ ሰባት ዓመት ጠበቁ። በመሃሉ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር፣ ገንዘብም ጠፍቶ ነበር። በ1865 በዘመኑ ከዓለም መርከቦች ሁሉ ትልቋ ግሬት ኢስተርን ኬብሉን በሙሉ ለብቻዋ ተሸክማ ወጣች። ከመንገዱ ከግማሽ በላይ ከሄደች በኋላ ኬብሉ ተበጥሶ ባሕር ገባ። በ1866 ሌላ ይዛ መጣች፣ ሐምሌ 27 ኒውፋውንድላንድ ደረሰች። በዚህ አላበቃም። ወደ ኋላ ተመልሰው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ባሕር ውስጥ መንጠቆ እየጎተቱ ባለፈው ዓመት የጠፋውን ገመድ ፈልገው አወጡት። ቀጥለውም ጨረሱት። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት የሚሠሩ ኬብሎች ተገኙ ማለት ነው። መርከብ በአሥር ቀን ገደማ የሚያደርሰው ወሬ አሁን በደቂቃዎች ደረሰ። ዋጋው መጀመሪያ ላይ በቃል 1 ፓውንድ፣ ከ20 ቃል በታች ደግሞ አይላክም። ተራ ሰው በዚህ ገመድ ናፍቆቱን ሊልክ አይችልም። ነጋዴና መንግሥት ናቸው ያወሩበት።

መንግሥት ስል በተለይ እንግሊዝ። በ1870 ኬብል ከስዊዝ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ወርዶ በየመኗ ኤደን በኩል ቦምቤይ ገባ፣ ሕንድ ከለንደን ጋር ተገናኘች። የዚያ መንገድ ነገር ልብ በሉ፣ ዛሬም ድረስ አልተቀየረም። ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ ከዓለም የባሕር ኬብሎች አብዛኞቹ የእንግሊዝ ኩባንያዎች ነበሩ። ጥቅሙ በጦርነት ጊዜ ታየ። ነሐሴ 1914 ከጀርመን ጋር ጦርነት ባወጀች ማግስት የእንግሊዝ መርከብ ወጥታ የጀርመንን ኬብሎች ቆራረጠች። ጀርመን ምስጢሯን በሰው ገመድ መላክ ግድ ሆነባት። በ1917 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ዚመርማን ሜክሲኮን በአሜሪካ ላይ ለማነሳሳት የላከው ቴሌግራም በእንግሊዞች እጅ ገባ፣ ተፈታ፣ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በወሩ ገደማ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገባች። ገመዱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

እኛ አገር ታሪኩ የሚጀምረው በዚያው ዘመን፣ በየብስ ነው። ከሐረር አዲስ አበባ የሚመጣው የስልክ መስመር ሥራ በ1894 በአፄ ምኒልክ ዘመን ተጀመረ፣ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር። አቅጣጫውን እዩት። ወደ ምሥራቅ ነው፣ ወደ ባሕሩ። ዛሬም ዋናው የፋይበር መስመራችን ወደዚያው ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ድምፅ እንሻገር። ቴሌግራም ምት ብቻ ስለሆነ ቢደክምም ይነበባል። የሰው ድምፅ ግን ከደከመ አለቀለት። ለዚህ ነው ኬብሉ በ1866 ተዘርግቶ ስልክ በባሕር ስር አትላንቲክን ለማቋረጥ 90 ዓመት የፈጀበት። በመሃሉ ከ1927 ጀምሮ በሬዲዮ ለንደንና ኒውዮርክ ይደዋወሉ ነበር፣ ሦስት ደቂቃው 75 ዶላር፣ እሱም አየሩ ሲፈቅድ። በ1956 የመጀመሪያው የአትላንቲክ የስልክ ኬብል ተከፈተ። አዲሱ ነገር መሃል ጋራ ላይ የሚቆመው ሰው በመጨረሻ መገኘቱ ነው። በየ70 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ማጉያ ኬብሉ ውስጥ ተቀበረ። ባሕር ወለል ላይ ተኝቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ የደከመውን ድምፅ እየተቀበለ አበርትቶ የሚልክ መሣሪያ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 36 ጥሪ ብቻ ነበር።

ከዚያ ሳተላይት መጣ፣ ለተወሰነ ጊዜም ኬብል የሚቀር መሰለ። ጨዋታውን የቀየረው መስታወት ነው።

በ1966 እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ቻርለስ ካኦ የሚባል ቻይናዊ መሐንዲስ ከባልደረባው ጋር አንድ ጽሑፍ አወጣ። ብርሃን በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ ሩቅ ሊሄድ ይችላል፣ ችግሩ መስታወቱ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ነው አለ። ያኔ የነበረው መስታወት ብርሃኑን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይውጠው ነበር። የካኦ ስሌት፣ ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ ከብርሃኑ 1 በመቶው እንኳ ከተረፈ ነገሩ ለሥራ ይበቃል የሚል ነው። በ1970 ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ የመስታወት ኩባንያ እዚያ ደረሰ። ዛሬ ያለው ፋይበር ደግሞ እጅግ ከመንጻቱ የተነሳ ብርሃኑ ወደ 1 በመቶ የሚወርደው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ነው። ካኦ በ2009 ኖቤል አገኘ፣ ዘገየ እንጂ ይገባዋል።

ክሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት የመሃሉ ክፍል ደግሞ ከፀጉርም በብዙ ያንሳል። በ1988 የመጀመሪያው የአትላንቲክ ፋይበር ኬብል 40,000 ጥሪ በአንድ ጊዜ ቻለ። ከ36 ወደ 40,000፣ በ32 ዓመት። ያኔም ማጉያው ብርሃኑን ወደ ኮረንቲ ቀይሮ፣ አበርትቶ፣ መልሶ ወደ ብርሃን ይቀይረው ነበር። በኋላ ኤርቢየም የሚባል ንጥረ ነገር የተጨመረበት መስታወት ተገኘ። እሱ ብርሃኑን ሳይቀይር እዚያው በብርሃንነቱ ያበረታዋል። በዚህ ላይ በአንድ ክር ውስጥ ብዙ ዓይነት የብርሃን ቀለም ጎን ለጎን መላክ ተቻለ፣ እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ዳታ ተሸክሞ። አሁን የምናየው አቅም የመጣው ከዚህ ነው። አፍሪካን የሚዞረው 2አፍሪካ የተባለው 45,000 ኪሎ ሜትር ኬብል በሰከንድ እስከ 180 ቴራቢት (አንዱ ቴራቢት አንድ ሺህ ጊጋቢት ነው) እንዲሸከም ተደርጎ ነው የተነደፈው። ማጉያዎቹ ኮረንቲ የሚያገኙት ከባሕሩ ዳርቻ ነው፣ በሺዎች በሚቆጠር ቮልት። ዋይትሃውስ በኬብል ውስጥ ያን ያህል ቮልት መሄዱን ቢያይ ደስ ይለው ነበር፣ ሥራው ግን ማጉያ መመገብ እንጂ መልእክት መግፋት አይደለም።

ሳተላይትስ? ያኔ የተለመዱት ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ወጥቶ ለመውረድ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያልፋል፣ ጠይቃችሁ መልስ እስክትሰሙ ግማሽ ሰከንድ። ድሮ ውጭ አገር ስንደውል ሁለታችንም እኩል ጀምረን እኩል ዝም የምንለው ለዚህ ነበር። ብርሃን መስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የኬብሉ መንገድ ተጠማዝዞ 16,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ ጉዞው ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ነው። አዳዲሶቹ ዝቅ ብለው የሚበሩ ሳተላይቶች መዘግየቱን ቀንሰውታል፣ በአቅም ግን ከኬብል ጋር አይወዳደሩም።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚደወልን አንድ ጥሪ መንገድ እንከተለው። ከአዲስ አበባ በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ ይደርሳል። እዚያ ባሕር ዳር ያለ የኬብል ጣቢያ ውስጥ ገብቶ ባሕር ስር ይወርዳል። ቀይ ባሕርን ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ግብፅን በየብስ ያቋርጣል፣ ሜዲትራኒያንን አልፎ ለምሳሌ የፈረንሳይዋ ማርሴይ ይወጣል። ከአውሮፓ አትላንቲክን ከሚያቋርጡት አንዷ ማሬያ ናት፣ ማይክሮሶፍትና ፌስቡክ ያሠሯት፣ ከስፔኗ ቢልባኦ ቨርጂኒያ ቢች የምትደርስ። ከዚያ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሽበርን አካባቢ ወዳሉት ግዙፍ የዳታ ማዕከሎች። እዚያ ሰፈር የሚኖሩ ስንትና ስንት አበሾች አሉ፣ በየቀኑ ሥራ ሲሄዱ በሕንፃዎቹ አጠገብ ነው የሚያልፉት።

ኢትዮጵያ የራሷ ባሕር በር ስለሌላት የራሷ የኬብል ማረፊያ የላትም። በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ነው የምንወጣው። ሦስት መንገድ መኖሩ ጥሩ ነው፣ አንዱ ሲቆረጥ ዳታው ወደ ሌላው ይዞራል። ግን የተረፈው መንገድ ሁሉን አይችልም፣ ያኔ ነው ኔት የሚጎተተው። ለማለፊያውም ይከፈላል። በእኔ እይታ ስለ ወደብ በምናወራው ልክ ስለ ኬብል ማረፊያ አለማውራታችን ይገርማል።

ደግሞም ይቆረጣል። በዓለም ላይ በዓመት ከ150 እስከ 200 የሚሆን የኬብል ብልሽት ይመዘገባል። ሻርክ ነከሰው የሚለው ወሬ ለቀልድ ጥሩ ነው እንጂ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዋናዎቹ ጥፋተኞች የዓሣ አጥማጆች መረብና የመርከብ መልሕቅ ናቸው። ጥልቁ ባሕር ውስጥ ያለው ኬብል ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ዳርቻ አካባቢ ብረት ይደረብለታል። የካቲት 2024 ሩቢማር የተባለች ዕቃ ጫኝ መርከብ በሁቲዎች ሚሳይል ተመትታ ስትንሳፈፍ መልሕቋ ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎችን ቆረጠ ተብሎ ይታመናል። ጥገናው ወራት ዘገየ። ችግሩ ቴክኒኩ ሳይሆን ሁለት መንግሥት ባላት የመን ውኃ ውስጥ ፈቃድ ማግኘትና በጦርነት መሃል መርከብ ማቆም ነበር። የፓስፊክ ደሴት አገሯ ቶንጋ ደግሞ ጥር 2022 እሳተ ገሞራ ብቸኛዋን የውጭ ኬብሏን ሲበጥስባት አምስት ሳምንት ገደማ ጠብቃለች።

ጥገናው ራሱ ከ1866 ብዙም አልራቀም። መጀመሪያ ከዳርቻ የብርሃን ምት ይላካል፣ ከተቆረጠበት ቦታ ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደው ጊዜ ተለክቶ ርቀቱ ይታወቃል። መርከብ ይሄዳል። መንጠቆ ይወርዳል። አንዱ ጫፍ ይነሳና ተንሳፋፊ ምልክት ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ ይፈለጋል። ከዚያ መርከቡ ላይ ባለ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ፀጉር የሚያካክሉት ክሮች አንድ በአንድ በሙቀት ይበየዳሉ፣ መሃሉ ላይ ትርፍ ኬብል ይቀጠላል፣ ተፈትሾ ወደ ባሕር ይለቀቃል።

የብስ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የእኛ ፋይበር ብዙው በከፍተኛ ኃይል መስመር ምሰሶዎች ላይ ተሰቅሎ ወይም መንገድ ዳር ተቀብሮ ነው የሚሄደው። አዲስ አበባ ውስጥ አሁን የኮሪደር ሥራው ገመዱን ከምሰሶ ላይ አውርዶ መሬት ውስጥ እያስገባው ነው። ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ባሕር ስር በሰላም አቋርጦ የመጣ ዳታ፣ ቤታችሁ ሊደርስ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው ውሃ ቧንቧ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ይቆርጠዋል። ለዚህኛው መርከብ አይላክም፣ ደውላችሁ ቴክኒሽያን መጠበቅ ነው።